ጠዋት ደሴ፣ ቀን ኮምቦልቻ፦ ሠራተኛ እናቶች ስለ አለባበስ ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ትንሿ ገና ከጉያዬ አልወጣችም። የልብስ ሙያ አልተማርኩም፣ ልብስም አልሸጥም። ግን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ሴቶች፣ የቢሮ ባልደረቦቼና ጎረቤቶቼ «አንቺዬ፣ በዚያ ሁሉ ሩጫ እንዴት ነው እንዲህ ሆነሽ የምትወጪው?» ማለት አይሰለቻቸውም። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስለደረብኩ ነው። ዝርዝሩ ይኸውና።

ደሴ ብርዱ አያስወጣም፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ላብ በላብ ነው። ምን ይለበሳል?

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ስትወርጂ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትያለሽ፤ ጆሮሽም ይነግርሻል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ መንገዱ ብቻውን 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይጨምርልሻል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥተሽ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

በጀማሪነቴ መፍትሔው ወፍራም ሹራብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ሹራቡን ማውለቅ ግን አልችልም። ለምን? ከሥር የለበስኩት ልጄ እርድ ያለበት ሾርባ የደፋበት የቤት ካናቴራ ነበር። «ማን ያየዋል» ብዬ ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ዶሮ ተቀቀልኩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሕግ አለችኝ፤ ከሥር ያለውም ልብስ ሰው ፊት የሚቀርብ ይሁን። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

የኔ አደራረብ እንዲህ ነው። ከሥር ስስ የጥጥ ሸሚዝ ወይም ንጹሕ ካናቴራ። ከሱ በላይ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሹራብ። ከላይ ኮት ወይም ጃኬት። አንገት ላይ ሻርፕ። ሹራቡ ከፊት የሚከፈት ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአናት የሚወልቅ ሹራብ ጸጉርሽንም ሻሽሽንም ያበላሻል፣ ልጅ ታቅፈሽ ደግሞ ጭራሽ አይወልቅም። ሁለት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይበልጥ ያሞቃል፤ በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ሐረጎን ጨርሰሽ ስትወርጂ ኮቱን፣ ቢሮ ስትገቢ ሹራቡን፣ ማታ ስትመለሺ ሁሉንም በተራው መልሶ ማጥለቅ ነው።

እዚያው ደሴ ለምትሠሪ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ውጭ ፀሐይ ሆኖ ቢሮው ውስጥ ሲሚንቶው ቅዝቃዜ ይተፋል። ጉርድ ወይም ቀሚስ ከሆነ የምትለብሺው፣ ከሥር ወፈር ያለ ታይት አድርጊ። የደሴ ብርድ የሚገባው ከእግር ነው፤ ላይሽን ብቻ ብትከምሪ ዋጋ የለውም።

ቁም ሳጥኔ ሞልቷል፣ የምለብሰው ግን የለኝም። ምን ጎድሎኝ ነው?

ምንም አልጎደለሽም። የገዛሽው ለሌላ ሕይወት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲተኙልሽ፣ ያለሽን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግፊው። ከዚያ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለሥራ የለበስሽውን ብቻ ለይተሽ በአንድ ወገን አድርጊ። እኔ ሳደርገው የደነገጥኩት፣ ለሰርግ፣ ለበዓልና ለምርቃት የተሰፋው ክምር ከሥራ ልብሴ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር። አብዛኞቻችን ልብስ የምንገዛው ዒድ ሲመጣ፣ ፋሲካ ሲመጣ፣ የአጎት ልጅ ስትዳር ነው። ለተራው ማክሰኞ ገበያ የሚወጣ የለም። በዓመት ውስጥ ግን ሥራ የምንገባበት ቀን 250 ገደማ ነው።

ሒሳቡን ሥሪው። ለሁለት ሰርግ ብቻ የለበስሽው የ2,000 ብር ቀሚስ፣ አንድ ጊዜ ለመልበስ 1,000 ብር ወጥቶበታል። የ3,000 ብር ኮት ግን በሳምንት አራት ቀን ለስምንት ወር ብትለብሺው ከ120 ጊዜ በላይ ነው፤ አንዱ ቀን 25 ብር እንኳ አይሞላም። ውዱ የትኛው ነው? ለዚህ ነው ገንዘብሽን ከላይ በሚደረበው ላይ አውጪ የምለው። ደሴ ውስጥ ሰው የሚያውቅሽ በኮትሽ ነው፤ ከሥር ምን እንዳለ ብዙም አያይም።

ከዚያ መግጠሙን እይ። ሦስት ከታች የሚለበስ፣ አምስት ከላይ የሚለበስ ካለሽና ሁሉም ከሁሉም ጋር ከሄደ፣ 15 ዓይነት አለባበስ አለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትደግሚ መሄድ ትችያለሽ ማለት ነው። ምሥጢሩ «ሁሉም ከሁሉም ጋር ከሄደ» የምትለዋ ላይ ናት። ከታች የሚለበሰው ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡና ዓይነት ከሆነ ጣጣ የለውም። አበባ ያለበት ጉርድ ከአበባማ ሸሚዝ ጋር ሲጣላ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽማግሌ የሚሆን ሰው የለም።

የራስ ስታይል የሚባለው ታዲያ ምንድን ነው? በዚህ ሁሉ ጥቁር ውስጥ?

አስበሽበት የምትደግሚው ነገር ነው። የኔ ሻርፕ ነው፤ ልብሴ ደብዛዛ ቢሆንም አንገቴ ላይ ወይ ቢጫ ወይ ደማቅ አረንጓዴ አይጠፋም። አንዲት ባልደረባዬ ከብር ጉትቻዋ አትለይም፣ ቀሚሷን እንኳ ስትመርጥ አንገቱ ለጉትቻው የሚሆን መሆኑን አይታ ነው። ሌላዋ ሁልጊዜ በቀበቶ ወገቧን ታስራለች። አንድ ነገር ምረጪና አጥብቀሽ ያዢው። ሦስት አራት ጌጥ በአንድ ቀን ከደረደርሽ ግን ያው ሰርግ ቤት ሆነ።

ምን ዓይነት ቀለም ይሄደኛል?

ለመስታወት ሳይሆን ለመስኮት ጠይቂው። ጨርቁን አገጭሽ ሥር ያዢና ቀን ብርሃን ላይ ፊትሽን እይ፤ ፊትሽ ከፈካ ያንቺ ነው፣ ጨርቁ ብቻ ከታየ አይደለም። የሱቅ አምፖል ይዋሻል።

ከወሊድ ስመለስ የቀድሞ ልብሶቼ አልሆን አሉ። ጡትም አጠባለሁ። ሁሉን አዲስ ልግዛ?

አብሽሪ፣ አትግዢ። ቢያንስ አሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጥሽ ፈቃድ 90 ቀን ነው። ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ጡት ብቻ አጥቢ የሚሉሽ እስከ 6 ወር ነው። እንግዲህ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ሥራ ላይ ሆነሽ ወተት ያለሽ እናት ነሽ። ሰውነትሽም በየወሩ ይለዋወጣል፤ ማሕፀን ብቻውን ወደ ቦታው ለመመለስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ሆድና ዳሌ ከዚያም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ የተገዛ ውድ ሱሪ ወይ ይጠብሻል ወይ ይሰፋሻል።

እኔ ያደረግኩት እነሆ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሁለት ጉርድ አሰፋሁ፤ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከላይ ከፊት በቁልፍ የሚከፈቱ ሸሚዞች መረጥኩ። ሙሉ ቀሚስ፣ በተለይ ዚፑ ከኋላ ያለው፣ ልጅ ስታለቅስብሽ ጠላትሽ ነው፤ ጡት ለመስጠት ግማሽ ገላሽን ማውለቅ ሊኖርብሽ ነው። ሸሚዙ ነጣ ያለ አንድ ቀለም ባይሆን ይመረጣል። ወተት ሲፈስ ግራጫና ሰማያዊ ላይ ወዲያው ጎልቶ ይታያል፤ ጥቃቅን አበባ ወይም መስመር ያለው ጨርቅ ላይ ግን ማንም ልብ አይልም። አሮጌ ነጠላ በክብ እየቆረጥኩ አራት አምስት ጊዜ ደራርቤ ሰፍቼ፣ ቀቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ አደርግ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ መቀየር ነው።

ጡት መያዣው ራሱ አይጥበብ። ሽቦ ያለውና የሚጫን ከሆነ ወተቱ መውጫ አጥቶ ጡት ሊቆጣ ይችላል። መቀነትም ቢሆን እናቶቻችን እንደሚያስሩት ለወገብ ደስ ይላል፤ ትንፋሽ እስኪያሳጥር ከርክሮ ማሰር ግን ሆድ አያጠፋም። የቀድሞ ልብሶችሽን ሻንጣ ውስጥ አድርገሽ አልጋ ሥር አስገቢ። ጠዋት ጠዋት ቁም ሳጥን ስትከፍቺ «አልሆንሽም» እያሉ እንዲያዩሽ አትተያቸው።

ጫማስ? ዳገቱ፣ ጭቃው፣ ኮብልስቶኑ...

ባለ ታኮ ጫማ ለብሶ ደሴ ዳገት መውጣት ጀግንነት ሊሆን ይችላል፣ ልጅ አዝሎ ግን እብደት ነው። ኮብልስቶኑ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጫማውን ገልብጠሽ ሶሉን እይ፣ ጥርስ አለው ወይስ ልሙጥ ነው? ዝቅ ያለ የቆዳ ጫማ እመርጣለሁ። ሸራ ይመቻል፣ ግን አንድ ጊዜ ጭቃ ከጠጣ በማግስቱ አይደርቅም። ቆዳ ግን ሊስትሮው ጋ ሁለት ደቂቃ ነው። ክረምት ላይ የመንገዱን ጫማ ለብሼ እሄድና የቢሮዬን ከጠረጴዛዬ ሥር በፌስታል አስቀምጣለሁ። እንደኔ የሚያደርጉትን ብቆጥራቸው ከግማሽ መሥሪያ ቤት በላይ ነን፤ ሁላችንም ግን እንደ ምሥጢር እንደብቀዋለን።

ሰልባጅ መልበስ ያሳፍራል? ዘመድ የላከውንስ?

ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ገበያ ላይ ግን መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ንግዱ ፍርዱን ላንቺ ልተወው። ማፈርን በተመለከተ ግን እኛ ቤት ልብስ ከእህት ወደ እህት፣ ከአክስት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው ያደግነው፤ ከሰው አካል የወጣ ልብስ ነውር ከሆነ ሁላችንም ነውረኞች ነን።

የወሎ ቤት ደግሞ ጅዳ፣ ቤሩት ወይም ዱባይ የሄደ ሰው አያጣም። የሚላከው ሻንጣ ውስጥ አባያ፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስና ሽቶ አይቀርም። ያ ልብስ ሲያዩት ያምራል፤ ብዙው ግን ናይለንና ፖሊስተር ነው፣ ላብ አይመጥም። ለኮምቦልቻ ሙቀት አይሆንም፣ ለደሴ ማታ ግን ከላይ ሲደረብ ቆንጆ ነው። ሜዳማው ጥቁር አባያ ደግሞ ከላይ እንደ ረጅም ኮት ሆኖ ያገለግላል፤ ሙስሊም ያልሆኑ ጎረቤቶቼ ጭምር እጁን አሳጥረው ይለብሱታል።

የተለበሰ ልብስ ስታዪ ብብቱን፣ አንገቱንና የሱሪውን መሐል ወደ ብርሃን አውጥተሽ ተመልከቺ። የሚያልቀው ከዚያ ነው። ቁልፍ ቢጎድል ችግር የለም፣ ዚፕም ይቀየራል። ጨርቁ ከሳሳ ግን ማንም አያድነውም። ትከሻው ልክ ካልሆነ ተይው፤ ወገብ ይጠባል፣ ርዝመት ያጥራል፣ ትከሻ ግን ከአዲስ ስፌት በላይ ያስወጣል።

ሻሽና ሂጃብ ከቢሮ ልብስ ጋር እንዴት ይሂድ? ጠዋት ጸጉር መሥሪያ ጊዜም የለኝም።

ጥጡን ለዕለት፣ ሽፎኑን ለእንግዳ። ሽፎንና ሐር መሰል ጨርቅ ይንሸራተታል፤ ልጅ ደግሞ ስፒል ከነቀለ በኋላ ወደ አፉ ነው። ለዚህ ነው ልጅ ስይዝ ስፒል የማልወደው፤ ከሥር ቆብ አድርጎ ጫፉን ወደ ውስጥ መወተፍ ይሻላል። ቀለሙን ከጫማሽ ጋር ሳይሆን ከሹራብሽ ጋር አስማሚው፤ ፊትሽ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ጸጉርን በተመለከተ ቅዳሜ የተሠራ ሹሩባ ሳምንቱን ሙሉ ነፍስ ያድናል። ሌላ ምክር የለኝም።

ሥራዬ ጋውን ወይም ዩኒፎርም ያስለብሳል። እኔስ ምን አስጨነቀኝ?

ነርስና መምህርት ከሆንሽ ጋውኑ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። የሚታየው አንገትጌሽ፣ እግርሽና ጫማሽ ነው፤ እነሱ ላይ ብቻ አተኩሪ። ጋውኑን ግን በልክሽ አስጠብቢው። ትከሻው እስከ ክንድ የወረደ ጋውን ማንንም የታመመ ያስመስላል።

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በሌላ ፋብሪካ ማሽን ላይ ለምትሠሪው የሚቀድመው ደኅንነትሽ ነው። የሚንጠለጠል ነጠላና ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ጸጉር ከማሽን ጋር አይቀራረቡም። ሻሹ ወደ ኋላ ጥብቅ ብሎ ይታሰር።

የሀበሻ ቀሚስ ለሥራ ይሆናል?

ዓርብ ዓርብ የሚለብሱ አሉ፣ ያምርባቸዋልም። ከጉልበት ዝቅ ያለ፣ ጥለቱ አንገትና ጠርዝ ላይ ብቻ የሆነ፣ እጁ የማይሰፋ ይሁን። ወለል የሚጠርገው የሰርግ ቀሚስ ሚኒባስ ደረጃ ላይ ይረገጣል፤ አይቻለሁ፣ ቀሚሱ ሲቀደድ ሰምቻለሁም። ጨርቁ የእጅ ሥራ ጥጥ ከሆነ ሳታሰፊው በፊት አንዴ በውኃ ዘፍዝፈሽ አድርቂው፤ ከተሰፋ በኋላ ሲኮማተር ጥፋቱን በሰፊው ላይ ማላከክ ይመጣል። ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ሲሆን ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተሽበት ቀለም መልቀቁን እይ። ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ ሳይዘፈዘፍ።

ልጄ ልብሴ ላይ የማያደርገው የለም። እድፉ እንዴት ይለቃል?

ወተት፣ ትውከትና ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሙቅ ውኃ አብስሎ ያጣብቀዋል። ዘይትና ወጥ ግን በተቃራኒው ነው፤ ደረቁ ላይ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አሽተሽ ጥቂት ቆይተሽ በለብታ እጠቢ። እርድ እጥበት አይፈራም፣ ፀሐይ ግን ይፈራል። ነጩን ልብስ አጥበሽ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ቢጫው በቀን በቀን ይደበዝዛል። እድፉ ሳይለቅ በካውያ እንዳትነኪው ብቻ፤ ከተኮስሽው በኋላ ልብሱ የወጥ ቤት ሆነ። ጠዋት ልጅ የምታቅፊበት አንድ ሰፊ ጨርቅ ወይም አሮጌ ሸሚዝ ከበር ኋላ ይሰቀል። ኮቱ የሚለበሰው ልጅ ከተሰናበተ በኋላ ነው።

አማቴ «ወልደሽም ታሽቀረቅሪያለሽ?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

እኔንም አማቴ «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ብለውኛል። «እማማ፣ ደሞዝ ለሚከፍለኝ ነው» አልኳቸው፤ ሳቁ። ሌላ ቀን ግን ሲያመሹ አጠገባቸው ተቀምጬ ያን የድሮ ጥልፍ ቀሚሳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። እኔ ዕድሜ ላይ ሳሉ እንዴት ይለብሱ እንደነበር እስከ እኩለ ሌሊት አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተቋረጠ፤ እንዲያውም «ያ ሻርፕ ይሻልሻል» ማለት ጀምረዋል። በነገራችን ላይ ዓይናቸው ከኔ ይሻላል።

ሥራ ላይ ሳለሁ የለቅሶ መርዶ ቢመጣስ?

ይህን ወጣቶቹ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ሁለት ሦስት ጊዜ ያፈሩ ናቸው። እኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን ቀብር አይቀርም። የሙስሊም ቀብር ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም፣ ረፋድ ላይ ሰምተሽ ከሰዓት ልትደርሺ ነው። ቤት ገብቶ ለመለወጥ ጊዜ የለም። በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ነጠላ፣ አንድ ጥቁር ሻሽና ጥንድ ካልሲ አለ። ደማቁን ሻርፕ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፣ ኮቴ ጥቁር ነው፣ ነጠላውን ዘቅዝቄ እለብሳለሁ፤ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ያን ነጠላ ለባልደረባዬ አውሼ ሳልተካው ቀረሁና በሳምንቱ በቢጫ ሻርፕ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሜ ጎረቤት ነጠላ አዋሰችኝ።

ክረምት ልብስ አይደርቅም። እንዴት ላድርገው?

ደሴ ጉም ሲይዛት ገመድ ላይ የተሰጣ ሹራብ አራት ቀንም ይቆያል። የታጠበውን ልብስ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አብረሽ ጠቅልዪና ቁሚበት፤ ግማሹ ውኃ እዚያው ይቀራል። ከምድጃ በላይ አትስቀዪው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እያልሽ ቢሮ ትገቢያለሽ። ስስ የሆነውን እሑድ እጠቢ፣ ወፍራሙን ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ቀን፤ ኮቱን ደግሞ በብሩሽ ብቻ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ያለ ኀፍረት የልብስ ከረጢት ይዘሽ ውረጂ። እኔ አክስቴ ግቢ አስጥቼ ማታ ስመለስ አጣጥፌ እወስዳለሁ።